የትንሣኤ ሌሊት በማጀት በኩል



ይህ ገጽ እጃችሁ በሚገባበት ሰዓት በየቤቱ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ድፎ ዳቦው ተቆርሶ፣ 55 ቀን ሙሉ ከቅቤና ከሥጋ ተለይቶ የሰነበተው ገበታ ዳግም ተዘርግቶ፣ የቡናው መዓዛ ከእጣኑ ጢስ ጋር መቀላቀል ጀምሮ ይሆናል። በእንዲህ ያለው ሰዓት ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ዘወትር ወንበሩን ደገፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ነው። ያልተቀመጠም አለ። ያልተቀመጠችው የት እንዳለች ለማወቅ አንባቢ ብዙ መድከም አያሻውም፤ ጆሮውን ወደ ማጀት ጣል ቢያደርግ የሰሐኑን ኳኳታ ይሰማል።

የዛሬው ጨዋታችን ስለ እርሷ ነው። ጨዋታ አልነው እንጂ ነገሩ ክስ ነው፤ ተከሳሾቹም ሩቅ ሳንሄድ እኛው ራሳችን ነን።

በቤታችን የቆየው ልማድ እንዲህ ነበር። ቅዳም ስዑር ጠዋት ቄጤማው ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ በየግንባሩ ከታሰረ በኋላ፣ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ አዙረን፣ በስመ አብ ብለን ሁለቱን ዶሮዎች እናርዳለን። ይህ ሥራ ቢበዛ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ቢላዋውን ለቅልቀን፣ እጃችንን ታጥበን ስንነሣ የበዓሉን ድርሻችንን በሚገባ እንደተወጣን በሙሉ ልብ እናምን ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው የሴቶች ነው ተብሎ ተወስኗል። ማን እንደወሰነው ግን ጠይቀን አናውቅም። እንዲያውም ከወዳጆቻችን ጋር ስንጫወት፣ በቤታችን የፋሲካን ዶሮ የምናርደው እኛው ራሳችን መሆናችንን ደጋግመን እናነሣ ነበር፤ ትልቅ ነገር የሠራን መስሎን።

ማታ 2 ሰዓት ገደማ ነጭ ለብሰን፣ ልጆቻችንን አስከትለን፣ ጧፋችንን ይዘን ወደ ደብራችን እንወጣለን። የቤታችን እመቤት እስከ በር ትሸኘናለች። «እናንተ ቅደሙ፤ እኔ ይህችን ድስት ላስተካክልና እደርስባችኋለሁ» ትላለች። በየዓመቱ የምትለው ይህንኑ ነው። እኛም እንቀድማለን። በቤተ ክርስቲያን ወንዱ በወንድ በኩል፣ ሴቱ በሴት በኩል የሚቆም በመሆኑ፣ የዚያን ሌሊት ሕዝብም ከቅጥሩ አልፎ መንገዱን የሚሞላ በመሆኑ፣ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ለማወቅ አይመችም። ስለዚህ በሴቶቹ መካከል አለች እንል ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስንመለስ ገበታው ቀርቦ፣ ወጡ ትኩስ ሆኖ፣ እርሷም ቆማ ስናገኛት ደግሞ ቀድማን ተመለሰች እንላለን። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ብሎ ማመን ይመቸን ነበርና አመንን።

ይህ እምነታችን የፈረሰው በ2012 ዓ.ም. ነው። እንደሚታወሰው በዚያ ዓመት መጋቢት 4 ቀን የኮሮና ተሕዋሲ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን ትንሣኤም አብዛኛው ምእመን ከቤቱ ሳይወጣ ቅዳሴውን በቴሌቪዥንና በሬዲዮ እየተከታተለ አሳለፈው። እኛም እንደ ሌላው ሁሉ ነጠላችንን መስቀለኛ አጣፍተን በሳሎናችን ተቀመጥን።

ዕድሜያችንን ሙሉ የትንሣኤን ሌሊት በቤት አሳልፈን አናውቅምና፣ ቤት በዚያ ሰዓት ምን ድምፅ እንዳለው አናውቅም ነበር። በቴሌቪዥኑ ካህናቱ ያዜማሉ፤ ከማጀት ደግሞ ሌላ ድምፅ ይመጣል፤ የማማሰያ፣ የቢላዋ፣ የውኃ፣ የድስት ክዳን። 3 ሰዓት ሆነ፤ 4 ሰዓት ሆነ፤ 5 ሰዓት ሆነ፤ ድምፁ አላቋረጠም። በመጀመሪያ ታላቂቱ ልጃችን ተነሥታ ሄደች። ወንድ ልጃችን ተከተላት። በመጨረሻ እኛ ተነሣን። ይህንንም ያደረግነው ከደግነት ሳይሆን ብቻችንን መቀመጡ ስለከበደን መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ለካ ያ የአሥር ደቂቃ ሥራችን ገና የደጁ መግቢያ ኖሯል። ዶሮው በፈላ ውኃ ተነክሮ ላባው ይነጫል፤ በእሳት ይለበለባል፤ ከዚያም 12ቱ ብልት አጥንቱ ሳይሰበር፣ ቅርጹ ሳይበላሽ በየመገጣጠሚያው ይወጣል። እያንዳንዱ ብልት በሎሚና በጨው እየታሸ ውኃው ጥርት እስኪል ድረስ ይታጠባል። ይህ ቀን ላይ ያለቀ ነው፤ እኛ የደረስነው በሽንኩርቱ ነው። ሽንኩርት ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። አፍ እስከ ገደፉ ድስቱን የሞላው ክትፍ ሽንኩርት ያለ ዘይት በገዛ ውኃው እየተቁላላ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቀለሙ ይለወጣል፤ በርበሬው ይገባል፤ ውኃ ጠብ ጠብ ይደረግለታል፤ እንደገና ይማሰላል። ለአፍታ ዓይን ቢነሣለት ያርራል፤ ያረረን ቁሌት ደግሞ ቅቤም ሆነ መከለሻ አይመልሰውም። የተረፈው ሽንኩርት ለሁለተኛው ድስት ይከተፋል፤ እንቁላሉ ይቀቀላል። ይህ ሁሉ እንግዲህ ቅቤው አስቀድሞ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በአብሽ ተነጥሮ፣ ጠላው ከብዙ ቀናት በፊት ተጠንስሶ፣ እንጀራው ተጋግሮ፣ የድፎው ሊጥ ተቦክቶ ካበቃ በኋላ ነው። እኛ ይህን ሁሉ በአንድ ስም «የበዓል ዝግጅት» እያልን እንጠራው ነበር።

ከሁሉ ያስገረመን ግን ሌላ ነው። ሴቲቱ ጾመኛ ናት። ከስቅለት ጀምሮ አክፍላ እህል በአፏ አልዞረም። ስለሆነም የምትሠራውን ወጥ ልትቀምሰው አትችልም። ጨው ይብቃው አይብቃው የምታውቀው በሽታው ነው። ማማሰያውን ከፍ አድርጋ፣ እንፋሎቱን በእጇ ወደ አፍንጫዋ ሳብ አድርጋ «ትንሽ ይቀረዋል» ትላለች፤ ቆንጥራ ትጨምራለች፤ ጥቂት ቆይታ ዳግም ታሸታለች። በአንድ ጉርሻ «ጨው አነሰው»፣ «ጨው በዛበት» እያልን ስንፈርድባት የኖርነው በዚህ ዓይነት በተሠራ ወጥ ላይ ነበር።

በማጀቱ መስኮት ላይ፣ አሸዋ በሞላ ጣሳ ውስጥ የተተከለ ጧፍ ይበራል። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ አለች። ታላቂቱ ልጃችን ጧፉን አይታ፦

«እማዬ፣ ይህ ዘንድሮ የመጣ ነው ወይስ ሁልጊዜም ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ሁልጊዜ ነው» አለች እናቷ ዓይኗን ከድስቱ ሳታነሣ። «ሌላ ጊዜማ የደብሩ ድምፅ ማጉያ በመስኮቱ ይገባልኛል። ዘንድሮ ነው በሬዲዮ የሆነብኝ።»

«ታዲያ በትንሣኤ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ቆመሽ ያስቀደስሽው መቼ ነው?»

እናቲቱ ማማሰሏን ሳታቋርጥ ጥቂት አሰበች።

«አንቺ ሳትወለጂ» አለች።

ልጃችን በዚያ ዓመት 19 ዓመቷ ነበር። እኛ ሽንኩርት እንድንከትፍ ቢላዋ ተሰጥቶን በአጠገባቸው ቆመን ነበር፤ የዓይናችን እንባ በሽንኩርቱ መሳበቡ በጀን። በአነጋገሯ አንዳች ቅሬታ አልነበረም። ቢኖርማ መልስ እናዘጋጅለት ነበር።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ስናሰላስለው የቆየነውን ፊት ለፊት ብንናገር አንባቢ አይቀየመን። በዓል ለቤተ ሰቡ ሁሉ መጣ እየተባለ ከቤተ ሰቡ አንዷ በዓሉን በመስኮት የምትሰማው ከሆነ፣ ያ ቤት በዓሉን ሙሉ አድርጎ አከበረ ለማለት ያስቸግራል። የማጀቱ ሥራ መከፈል አለበት። የሚከፈለውም በእጅ ነው። «እጅሽ ይባረክ» የሚለው ምርቃታችን መልካም ነው፤ ከልብ የመነጨ መሆኑንም አንጠራጠርም፤ ነገር ግን ምርቃት ድስት አያጥብም።

ደግሞስ ነገሩን ከበዓሉ ከራሱ ብንመለከተው ምን እናገኛለን? በዚያች በእሑድ ማለዳ፣ ገና ጨለማው ሳይገፍ፣ ሽቱ ይዘው ወደ መቃብሩ የገሰገሡት ሴቶች ነበሩ። የትንሣኤውን ዜና ለደቀ መዛሙርቱ ያደረሱትም እነርሱ ናቸው። ቤታቸውን ለማን ትተው እንደወጡ፣ በምድጃቸው ላይ ምን ተጥዶ እንደነበር የጠየቃቸው ሰው መኖሩ አልተጻፈም። ታዲያ ሴቶች ቀድመው ያዩትን ትንሣኤ ለማክበር ሴቶችን ማጀት የምናስቀር እኛ፣ ልማዱን ከየት እንዳመጣነው ራሳችንን ብንጠይቅ ተገቢ ይመስለናል።

መጠየቁ ቀላል ነው። በ2013 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ቀን ሲውል ሥራውን እንካፈል ብለን ስንነሣ ግን ተቃውሞው ካላሰብነው አቅጣጫ መጣ። መጀመሪያ የተቃወሙት ከእኛ ጋር የሚኖሩት እናታችን ናቸው። «ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ ምን ሊያይ ነው? እኔ አባትህን እንኳን ሽንኩርት ላስከትፋቸው፣ የድስት ክዳን አላስነሣኋቸውም» አሉ። መልስ አልሰጠንም። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ግን፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «እኔም እንደው የትንሣኤን ቅዳሴ ደህና አድርጌ ያየሁት ልጅ ሳለሁ ነው» አሉና ወደ መኝታቸው ገቡ።

ሁለተኛዋ ተቃዋሚ ራሷ የቤታችን እመቤት ነበረች። ዶሮውን ገንጥሉ አለች፤ ሽንኩርቱን ክተፉ አለች፤ ማማሰያውን ግን አለቅም አለች። በመጀመሪያ ይህ እልህ መስሎን ነበር። ኋላ ስናስበው ግን ፍርሃቷ ተገቢ ሆኖ አገኘነው። ሴት በሙያዋ በምትመዘንበት አገር ነው ያለነው። የበዓል ወጥ ቢበላሽ «እርሱ ነው የሠራው» ብሎ የሚያማ እንግዳ የለም፤ ሐሜቱ የሚወድቀው ድስቱን ማንም ያማስለው በእርሷ ላይ ነው። እንግዲህ ሥራውን እንካፈል የሚል ወንድ ሐሜቱንም አብሮ መካፈል ይኖርበታል። ይህም ማለት እንግዳው በተቀመጠበት፣ ሰው በሚሰማበት፣ «ይህን የሠራነው እኛ ነን፤ ጉድለት ቢኖርበት የእኛ ነው» ማለት ነው። ሽንኩርት ከመክተፍ ይልቅ ይህ ይከብዳል። ሞክረን አይተነዋል።

አንዳንድ ወዳጆቻችን ደግሞ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሠራተኛ መቅጠር ነው» ይሉናል። አቅም ያለው ቤት ሠራተኛ ቢቀጥር የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከገጠር የመጣች፣ ቄጤማው በየግንባሩ ሲታሰር የእናቷ ደጅ ትዝ የሚላት ልጅ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲወጣ ድስት እንድትጠብቅ ከተተወች ምኑን አሻሻልነው? በመስኮቱ ሥር የምትቆመው ሰው ተለወጠች እንጂ መስኮቱ እዚያው ነው።

ከብዙ ክርክር በኋላ በቤታችን የተደረሰበት ስምምነት ይህን ይመስላል። ዶሮውን ማረድ ብቻ ሳይሆን መንጨት፣ መለብለብና ማጠብ የእኛ ሆነ። ብልት ማውጣቱን ከእናታችን ተማርን፤ ማጀት አትግባ ያሉት እርሳቸው መሆናቸውን ረስተው፣ ወንበር አስመጥተው አጠገባችን ተቀምጠው «እዚያ ጋ አይደለም፣ ከመገጣጠሚያው ላይ» እያሉ መሩን። ሽንኩርቱ የወንድ ልጃችን ነው። ቁሌቱን የቤታችን እመቤት ቀን በብርሃን ትሠራዋለች፤ ማታ የሚቀረው ብልቱን ጨምሮ በለዘብተኛ እሳት መጠበቅ ብቻ ይሆናል። የሚጠብቀው በዕጣ ነው። ገበታውም ጥቂት ቀለለ፤ አልጫው ወደ ሰኞ ተዛወረ፤ ጠላውን ከጎረቤት ጋር በአንድ ጋን ጠመቅነው። ያከፈሉ አዛውንቶች ከቅዳሴ ሲመለሱ ሆዳቸው እንዲለሰልስ መጀመሪያ ተልባ ይጠጣሉ፤ ያ ሆድ በዚያው ሌሊት አምስት ዓይነት ወጥ ይጠብቃል ብሎ ማሰቡ ከጥንቱም ትርፍ ነበር።

ስለ ብልቱ አንድ ነገር ሳንል ማለፍ ይከብደናል። ፈረሰኛው የአባወራ ነው፤ እግሩን ልጆች ይሻሙበታል፤ መላላጫው ለእንግዳ ይቆያል። የቤታችን እመቤት ድርሻ ሁልጊዜ አንገት ነበር። «እኔ የምወደው አንገቱን ነው» ትል ነበር፤ እኛም እንደምትወድ አውቀን በጥንቃቄ እናስቀምጥላት ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር ይህን ብናነሣ የአንዱም እናት አንገት ትወድ ኖሯል፤ የሌላው ሚስትም እንዲሁ፤ የሦስተኛው አያትም እንዲሁ። የአገሩ እናቶች በሙሉ ከ12 ብልት መካከል ሥጋ የሌለበትን አንዱን መርጠው መውደዳቸው የአጋጣሚ ነገር አይመስለንም።

ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር በየዓመቱ ሠምሮልናል አንልም። እንግዳ የበዛበት ዓመት ነበር፤ መብራት የጠፋበት ዓመት ነበር፤ በእነዚህ ጊዜያት ሳናስበው ወደ ቀድሞው ተመልሰን ራሳችንን ነጭ ለብሰን በር ላይ አግኝተነዋል። የ2013ቱን የመጀመሪያ ሌሊት ግን አንረሳውም።

ዕጣው በእኛ ላይ ወጣ። ማታ 2 ሰዓት ላይ የቤታችን እመቤት ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጧፍ ይዛ ከልጆቹ ጋር ወደ በሩ ስትሄድ ሦስት ጊዜ ተመለሰች፤ አንዴ እሳቱን ልትቀንስ፣ አንዴ ክዳኑን ልታስተካክል፣ አንዴ ያለ ምክንያት። በመጨረሻ ልጇ እጇን ይዛ አወጣቻት። በሩን ልንዘጋ ስንል እናታችን ከመኝታቸው ተነሥተው፣ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ከኋላችን ቆመዋል። «እኔንስ ማን ይደግፈኛል?» አሉ። ወንድ ልጃችን ተመልሶ ደገፋቸው።

ቤቱ ጭር አለ። እኛና ድስቱ ቀረን። የደብሩ ድምፅ ማጉያ እርሷ እንዳለችው በመስኮቱ ይገባል፤ ነገር ግን ነፋሱ ሲዞር ይርቃል፤ ድስቱ ሲንተከተክ ይሸፈናል፤ ከዜማው ግማሹን እየሰማን ግማሹን እየገመትን ቆየን። በጣሳው ያለውን ጧፍ አበራነው። ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ማማሰያውን ከፍ አድርገን፣ እንፋሎቱን ወደ አፍንጫችን ሳብ አድርገን አሸተትን። ትንሽ የሚቀረው መሰለንና ቆንጥረን ጨመርን። ጥቂት ቆይተን ዳግም አሸተትን፤ ዳግምም ጨመርን።

9 ሰዓት ላይ ተመለሱ። የቤታችን እመቤት ነጠላ ጫፍ ላይ የጧፍ ሰም ጠብ ጠብ ብሎበት ነበር፤ በእጇ ልታነሣው አልሞከረችም። ከገበታው ዙሪያ ሁሉም ተቀመጠ፤ እርሷም ተቀመጠች። ወንድ ልጃችን ፈረሰኛውን አንሥቶ በእርሷ ፊት አኖረው። አየችው፤ አየችን፤ አንድ ጉርሻ ቆርሳ ጎረሰችና በዝግታ አኘከች።

«ጨው ማን ነው የጨመረው?» አለች።

እኛ መሆናችንን ተናገርን።

«በዝቷል» አለችና እንጀራ ለመድገም እጇን ዘረጋች።